ስለ ቤት የሚናገረውን ዕጩ ምን እንጠይቀው?



በምርጫ ሰሞን በየአዳራሹ ከሚነሡት ጉዳዮች መካከል የመኖሪያ ቤትን ያህል ሕዝቡን ከመቀመጫው የሚያስነሣ የለም። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደረው ዕጩ ብድግ ብሎ «ከተማችን ወደ ላይ ማደግ ይገባታል» ሲል ከወዲህ በኩል ይጨበጨብለታል። «የሰፈራችን ጸጥታና አትክልት ሳይነካ መጠበቅ ይገባዋል» ሲል ደግሞ ከወዲያ በኩል ይጨበጨብለታል። ሁለቱን አስማምቶ የሚናገር ዕጩ ቢገኝ ጭብጨባው ድርብ ይሆናል። ነገር ግን አጨብጭቦ ወደ ቤቱ የተመለሰው የመንግሥት ሠራተኛ ወሩ ሲያልቅ ለኪራይ የሚከፍለው ያው ደመወዙን ነው፤ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቱ የሚሰለፈውም እዚያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ዕጩው ስለ ከተማ አሰፋፈር ሲናገር ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምንስ ብለን መጠየቅ እንደሚገባን በአጭሩ እናስረዳለን። ይህም ለአንዱ ወገን ለመደገፍ ወይም ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ጉዳዩን ከመሠረቱ ለመመልከት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን በቦሌ በኩል ያለውን የሩዋንዳን ሰፈር እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሩዋንዳ ኤምባሲ ነው። በቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራበት ከ1950ዎቹ ወዲህ በዚህ አካባቢ ሰፋ ያለ ግቢ፣ ዛፍና አበባ ያላቸው ቪላዎች ተሠርተው ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር የሚያልፍ ሰው በአንድ በኩል የድሮውን ቪላ ከነጽዱ፣ በሌላ በኩል በመስታወት ያሸበረቀ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ፣ በመካከሉም በቆርቆሮ የታጠረ የግንባታ ጉድጓድ ያያል። አንድ ሰፈር ሲለወጥ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

የዚህ ንግግር አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ በአንድ ቪላ ጓሮ ከነበሩት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ተከራይቶ ይኖር ነበር። በሁለተኛው ክፍል አንዲት ነርስ ከእኅቷ ጋራ፣ በሦስተኛው አንድ መምህር ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ ይኖሩ ነበር። እኛም ሦስት ነበርን። በዋናው ቤት አከራያችን እናት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። በጠቅላላው 15 ነፍስ ማለት ነው። አንድ ቀን አከራያችን ቡና አፍልተው ሁላችንንም ጠሩንና ግቢው ለሕንጻ ሠሪ መሰጠቱን፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሌላ ቤት መፈለግ እንደሚገባን ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነገሩን። እርሳቸውን አንወቅስም፤ ያረጀ ቤታቸውን ለመለወጥ መብታቸው ነበርና። ነገር ግን በዚያች ግቢ የደረሰው ነገር ስለ ከተማ አሰፋፈር የሚነገረውን ብዙ ቃል ለመመርመር ጥሩ ሚዛን ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ቃሉን እንፍታ። የአሰፋፈር ጥግግት ስንል በተወሰነ መሬት ላይ ስንት ሰው ወይም ስንት ቤተ ሰብ ይኖራል ማለታችን ነው። የሚለካው በሄክታር ወይም በካሬ ኪሎ ሜትር በሚገኘው የነዋሪ ቁጥር እንጂ በሕንጻው ቁመት አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የፓሪስ ከተማ በአውሮፓ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 20,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የመኖሪያ ሕንጻዎቿ ከስድስትና ከሰባት ፎቅ አያልፉም። በአገራችንም ቢሆን በአራዳ፣ በመርካቶና በካዛንቺስ የነበሩት የቀበሌ ቤቶች መሬት ላይ የተጋደሙ የጭቃ ቤቶች ሆነው ሳሉ የሰዉ ብዛት በጣም ከፍተኛ ነበር። ለአሥር ቤተ ሰብ አንድ መጸዳጃ፣ ለመንደሩ አንድ የቦኖ ውሃ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ሰፈር የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለ ሕንጻም ጥቂት ሰው ብቻ ሊያኖር ይችላል።

አሁን ወደዚያች ግቢ እንመለስ። የቦታው ስፋት 500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በእርሱ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ተሠርቶ ምድር ቤቱ ለመኪና ማቆሚያና ለሱቅ ሲውል በየፎቁ ሁለት ሁለት አፓርታማ ቢኖር አሥር ቤት ይሆናል። በእያንዳንዱ አምስት ሰው ቢኖርበት 50 ሰው ያኖራል ማለት ነው። ከ15 ወደ 50 መድረስ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አፓርታማዎቹ ሰፋፊና ውድ ሆነው ገሚሶቹ ባለቤታቸው በውጭ አገር ስለሚኖር መስኮታቸው በጨለማ ቢያድር፣ በቀሩትም ሦስትና አራት ሰው ብቻ ቢኖር ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል። ያ ሁሉ ሲሚንቶና ብረት የጨመረልን አምስት ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ነርሷም፣ መምህሩም፣ የዚህ ንግግር አዘጋጅም ከአሥሩ ቤቶች አንዱን እንኳ ለመከራየት አቅም የለንም። ፎቅ መሥራትና ሰው ማኖር አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ሒሳብ በግልጽ ይታያል።

ይህ ሁኔታ በአንድ ቀን የመጣ ስላልሆነ ታሪኩንም በጥቂቱ ማየት ይገባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ተከራዩ ሲጠቀም፣ ቤቱ ግን የሚታደስበት ገንዘብ አጥቶ አረጀ። በኋላም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የከተማ ቦታ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት በሊዝ የሚያዝ መሆኑን፣ ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት የሚገባ መሆኑን ደነገገ።

በመካከሉ በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ወጣ። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራም ወደ ከተማው ሁሉ ተስፋፋ። አብዛኞቹ ሕንጻዎች ባለ አራት ፎቅ የሆኑት ያለ አሳንሰር እንዲሠሩና ወጪያቸው እንዲቀንስ ታስቦ ነው። ዶሮና በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤትም በየግቢው ተሠራ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሠራሩ የሕዝቡን ኑሮ መመልከት እንደሚገባው ያስታውሰናልና። ሰው በሦስተኛ ፎቅ ሲኖርም ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልበት፣ ዕድሩ የሚሰበሰብበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ የፈላጊው ቁጥር ከቤቱ ቁጥር ጋራ ሊመጣጠን አልቻለም። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡት ሳያልቁ በ2005 ዓ.ም. ሌላ ምዝገባ ተደረገ። 20/80 እና 40/60 የተባለውን የቁጠባ ሥርዓት ከደመወዙ እየቆረጠ ሲያሟላ ዓመታት ያለፉበት የመንግሥት ሠራተኛ ከአድማጮቻችን መካከል ቁጥሩ ጥቂት እንዳልሆነ እናውቃለን። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ኢዜማ የተባለው የፖለቲካ ፓርቲ ስለ ኮንዶሚኒየም ቤቶች አሰጣጥና ስለ መሬት ወረራ ጥናት ማውጣቱ፣ በጥር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር ራሱ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዙ ቤቶችና ቦታዎች መገኘታቸውን መግለጹ ይታወሳል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደው የምክር ቤት ምርጫም ቤትን ዋና ጥያቄ አድርጎ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በማጭበርበር ተበላሽቶ መሰረዙ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱም የሕዝቡን ትዕግሥት የፈተነ ነገር ነበር።

እንግዲህ ዕጩዎች ስለ ቤት ሲናገሩ ሐሳባቸው ብዙውን ጊዜ ከሦስት መንገዶች ወደ አንዱ ይወድቃል።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ ዳር መስፋት ነው። መሬቱ በዳር ርካሽ ስለሆነ ቤቱ ቶሎ ይሠራል፤ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በዚያም ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ የራሱ ጣራ ባለቤት መሆኑ መካድ የለበትም። ዳሩ ግን ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው የነዋሪው ዕዳ ነው፤ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ የሚገባ ሠራተኛ በኪራይ ያተረፈውን በትራንስፖርትና በዕድሜው ይከፍላል። ሁለተኛው የገበሬው ዕዳ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ የተከበበች ከተማ ስለሆነች በዳር የምትወስደው እያንዳንዱ ሄክታር የሚታረስ መሬትና የሚኖርበት ቤተ ሰብ ያለው ነው። በ2006 ዓ.ም. የከተማዋንና የዙሪያዋን ልማት ለማቀናጀት የቀረበው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. መተዉን ማንም አይረሳውም። ስለዚህ «ወደ ዳር እንሂድ» የሚለው ዕጩ የዳሩን ሰው ምን እንደሚያደርገው አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ የቆየውን ሰፈር አፍርሶ ወደ ላይ መሥራት ነው። ልደታ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መንገድ ታደሰ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ፒያሳና ካዛንቺስ መልካቸው ተለወጠ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፣ የእግረኛው መሄጃ አማረ። ነገር ግን ከመካከል ከተማ ተነሥቶ በዳር ቤት የተሰጠው ሰው ጣራው የተሻለ ቢሆንም ጉሊቱን፣ ደንበኛውን፣ ዕድሩንና የልጁን ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ይለቃል። እዚህ ላይ አንድ የተገለበጠ ነገር አለ። በመካከሉ ተጠጋግቶ ይኖር የነበረው ሰው ወደ ዳር ሲሄድ በቦታው የሚተካው ሱቅ፣ ቢሮና መናፈሻ ከሆነ በመካከሉ የሚያድረው የሰው ቁጥር በሕንጻው ልክ ይጨምራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሦስተኛው መንገድ ባለበት ይቆይ የሚለው ነው። የሩዋንዳን ሰፈር የመሰለ ቪላ የበዛበት አካባቢ ነዋሪ ይህን ሲል ጸጥታውንና ዛፉን ከመውደድ እንጂ ከክፋት አይደለም። ሆኖም የሰው ቁጥር መጨመሩ በእኛ ፈቃድ ላይ የቆመ አይደለም። በቦሌ ያልተቀበልነው ሰው ወደ ዳር ይገፋል፤ ወይም በየጓሮው ሰርቪስ ክፍል በክፍል ላይ እየተቀጠለ ያለ ፕላን ይጠጋጋል። ጥግግቱን መከልከል አይቻልም፤ የሚቻለው ቦታውንና ሥርዓቱን መምረጥ ነው።

ከሦስቱ መንገዶች የትኛውም ለብቻው መልስ ካልሆነ ዕጩውን ምን እንጠይቀው? እኛ የሚታዩን አራት ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛ፤ ውሃውና ፍሳሹ በየት ይመጣል፣ በየትስ ይሄዳል? አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ውሃ ቢጠቀም 15 ሰው የነበረበት ግቢ 1,200 ሊትር ይበቃው ነበር፤ 50 ሰው ሲገባበት 4,000 ሊትር ይፈልጋል። ቧንቧው ግን ያው ቧንቧ ነው። ከተማችን ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፤ በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ በየጣራው የተሰቀለው ሮቶ ይመሰክራል። የፍሳሽ መስመር በሌለበት መንገድ ላይ አሥር ሕንጻ ሲቆም ደግሞ ጉድጓዱን የሚመጥጠው መኪና ወረፋ ይረዝማል፤ ክረምት በገባ ጊዜም ከመንገድ ላይ የሚፈሰውን ሁላችን እናያለን። ስለዚህ የሕንጻ ፈቃድና የቧንቧ መስመር አብረው መሄድ አለባቸው።

ሁለተኛ፤ ቁመቱና ብዛቱ የት ቦታ ይፈቀዳል? በቦሌ ሰማዩም ሕግ አለው፤ አውሮፕላን በሚነሣበትና በሚያርፍበት አቅጣጫ የሚሠራ ሕንጻ ከተወሰነለት ከፍታ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ «ቦሌን በሰማይ ጠቀስ እሞላለሁ» የሚል ዕጩ ቢኖር ካርታውን አላየም ማለት ነው። በአንጻሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል። ብዙ ሰው በእግሩ ወደ ጣቢያ ሊደርስ በሚችልበት በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ ቢጠጋጋ ትርጉም አለው። ባቡሩም ተሳፋሪ፣ ተሳፋሪውም ቤት ያገኛል።

ሦስተኛ፤ በቦታው የነበረው ሰው የት ይገባል? የቦታው ባለ ይዞታ ካሣ ወይም አፓርታማ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ ቤት ይጠይቃል። በሰርቪስ ክፍል የሚኖረው ተከራይ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን በማዘዝና የኪራይ ጭማሪን በመቆጣጠር ተከራይን ረድቷል፤ ነገር ግን አዋጁ ዋጋን ይቆጣጠራል እንጂ የፈረሰን ክፍል መልሶ አይሠራም። ዕጩው በአዲሱ ሕንጻ ውስጥ ከአሥሩ ቤት ሁለቱ እንኳ አነስተኛና በመካከለኛ ደመወዝ የሚከራዩ እንዲሆኑ ደንብ ለማውጣት ፈቃደኛ ነውን? ይህን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ሊመልስ ይገባዋል።

አራተኛ፤ የሚገኘው ትርፍ ለማን ነው? በአንድ ግቢ ላይ ለአንድ ቪላ ፈንታ አሥር ቤት እንዲሠራ ሲፈቀድ የቦታው ዋጋ በአንድ ቀን ፊርማ ያድጋል። ይህን ዕድገት የፈጠረው የባለቤቱ ድካም ብቻ ሳይሆን መንገዱን፣ መብራቱንና ውሃውን ያቀረበው የሕዝብ ገንዘብ ጭምር ነው። ስለዚህ ከትርፉ አንዱ ክፍል ለቧንቧውና ለአነስተኛው ቤት ተመልሶ ቢውል ፍትሕ ነው። በሲንጋፖር መሬቱ በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ ቤትም እንደ እኛ በ99 ዓመት ይያዛል። በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተቋቋመው የቤቶች ቦርድ አማካይነት ዛሬ ከአሥር ነዋሪ ስምንት ያህሉ መንግሥት በሠራው ቤት ይኖራል። እኛ ሲንጋፖር አይደለንም፤ ሀብታችንም ታሪካችንም ይለያል። ነገር ግን መሬት የሕዝብ ነው ብሎ ሕግ የጻፈ አገር ከመሬቱ የሚገኘውን ጥቅም ለሕዝቡ ቤት ማዋል እንደሚችል ምሳሌው ያሳያል።

እነዚህን ጥያቄዎች ለምክር ቤት ዕጩ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361 መሠረት ከንቲባውን የሚመርጠው፣ የከተማውን ፕላንና በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። በ2009 ዓ.ም. ላይ የተዘጋጀው አሥረኛው መዋቅራዊ ፕላን የታሰበው ለአሥር ዓመት ነው፤ ዘመኑም ወደ ማለቁ ተቃርቧል። ቀጣዩን መርምሮ የማጽደቅ ኀላፊነት በምክር ቤቱ ላይ ይወድቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ምርጫ ዋናውን ቦታ የያዙት የቤትና የርስት ባለቤቶች ነበሩ። ዛሬ ግን የቪላው ባለቤትና በጓሮው ያለው ተከራይ በምርጫ ሣጥኑ ፊት እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ተከራዩ ይህን ድምፁን ሳይጠይቅበት ከሰጠው ግን እኩልነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

በመጨረሻም ለመንግሥት ሠራተኞች አድማጮቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ዕጩው በአዳራሽ የተናገረው መልካም ነገር ሁሉ ወደ ሥራ የሚለወጠው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። የግንባታ ፈቃዱን የሚመረምረው፣ የቧንቧውን መጠን የሚያሰላው፣ የነባሩን ነዋሪ ስም በመዝገብ የሚያሰፍረው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያው ሠራተኛ ደግሞ ማታ ወደ ተከራየው ክፍል ይመለሳል። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን ፕላን ሲያይ «በዚህ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ ይቆማል?» ብሎ ብቻ አይለፍ። «ስንት ሰው ያድርበታል? እነማንስ ናቸው? ትናንት እዚህ ያደሩትስ ዛሬ የት ያድራሉ?» ብሎ ይጠይቅ።

ያቺ የሩዋንዳ ግቢ ዛሬ ሕንጻ ቆሞባታል። ነርሷ ወደ አራብሳ ገብታለች፤ የሌሊት ተረኛ በሆነች ቀን በሰዓቱ ለመድረስ ገና በብርሃን ከቤቷ ትወጣለች። መምህሩም ትምህርት ቤት ለውጦ ሄዷል። አከራያችን እናት በሁለተኛው ፎቅ ይኖራሉ፤ ባለፈው በዓል ሊጠይቃቸው ለሄደው ለዚህ ንግግር አዘጋጅ «ቤቱ መልካም ነው፤ ቡና የሚጠራ ሰው ግን ጠፋ» ብለውታል። ከተማ ወደ ላይ ሲያድግ ቡና የሚጠጣው ሰው አብሮ እንዲያድግ የሚያስብ ዕጩ፣ የሚያስብም ሠራተኛ እንዲበዛልን እየተመኘን የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።